አርባ አንደኛዋ ፍሬ

ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ገብታችሁ «የጠምጣሚዋ ቤት የት ነው?» ብትሉ፣ ባለባጃጁ መልስ ሳይሰጣችሁ ሞተሩን ያስነሣል። ጠምጣሚ ስላልሁ ቄስ እንዳይመስላችሁ። ወለተ ሚካኤል የምትጠመጥመው ሻሽ ሳይሆን የመዳብ ሽቦ ነው። የተቃጠለ የውኃ ፓምፕ፣ የወፍጮ ሞተር፣ የብየዳ ትራንስፎርመር ይመጣላታል። የጠቆረውን ሽቦ ነቅላ ትጥላለች፤ አዲሱን ትጠመጥማለች፤ ቫርኒሽ ትቀባና ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ሠላሳ አንድ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የኤሌክትሪክ ክፍል ስትሠራ ኖራ ጡረታ የወጣች ዕለት፣ ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ «በቃሽ፣ እንግዲህ ዕረፊ» አላት። እሷም «እሺ» አለች። በሳምንቱ በረንዳዋ ላይ ሦስት ፓምፕ ተደርድሮ ነበር።

ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። አጠር፣ ደልደል ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ሴት ናት። ባሏ ካረፈ ቆይቷል፤ ልጇ ቃልኪዳን ኮሌጅ ውስጥ የተማሪዎች መዝገብ ቤት ትሠራለች፣ ኑሯቸውም አንድ ላይ ነው። ወለተ ሚካኤል ለሥራዋ ያላትን ኩራት ያላየ ኩራት አላየም። ሞተር ይዞ መጥቶ «እትዬ፣ ይሠራ ይሆን?» የሚል ሰው ካለ ወዮለት። «ሞቶ እንደሆነ ቄስ ጥራ፤ ተቃጥሎ እንደሆነ አስቀምጠህ ሂድ» ትለዋለች።

አሁን ስለ መቁጠሪያዋ ልንገራችሁ። በእጅ የምትዞር ትንሽ የመጠምጠሚያ ማሽን አለቻት። ማሽኗ ዙር የምትቆጥርበት ቆጣሪ ነበራት፣ ዳሩ ጥርሱ ከረገፈ ዓመታት አልፈዋል። ወለተ ሚካኤል ታዲያ የምትቆጥረው በጸሎት መቁጠሪያዋ ነው። ቀኝ እጇ መዘውሩን ያዞራል፤ ግራ እጇ ሽቦውን ይመራል፤ በዚያው በግራ አውራ ጣቷ የመቁጠሪያውን ፍሬ አንድ በአንድ ትገፋለች። አንድ ዙር፣ አንድ ፍሬ፣ አንድ «እግዚኦ»። አርባ አንዱ ፍሬ ሲያልቅ ጣቷ መስቀሉን ያገኛል፤ ያን ጊዜ ግድግዳው ላይ በጠመኔ አንድ ጭረት ትጭራለች። ሁለት ሺህ ዙር ይሁን አምስት ሺህ እንዲሁ ነው የምትወጣው።

ቃልኪዳን «እማ፣ ምን አለ አዲስ ቆጣሪ ብገዛልሽ?» ስትላት መልሷ ያው ነው። «ማሽን ይስታል፤ መቁጠሪያ አይስትም።»

ይቺን ቃሏን ያዙልኝ፣ ኋላ እንፈልጋታለን።

ወለተ ሚካኤል አንድ ወንድም አላት፤ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ይባላሉ። ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ይሏቸዋል፣ እሷ ግን «አያ» ነው የምትላቸው። የተወለዱት እንፍራንዝ ነው። እናትና አባታቸው በአንድ ክረምት ሲሞቱ እሷ የአራት ዓመት ልጅ፣ እሳቸው የዐሥራ ሰባት ዓመት የዜማ ተማሪ ነበሩ። እሳቸው ያን ጊዜ ቆርጠው የተነሡት ጣና ላይ ወዳለው፣ ሴት ወደማትረግጠው ደሴት ገብተው ለመመንኰስ ነበር። ግን አራት ዓመት የሞላት ልጅ ለማን ይጣላል? «አንድ ጊዜ ትደግ» ብለው ቀሩ። ካደገች በኋላ «አንድ ጊዜ ትዳር ትያዝ» አሉ። ቀጥሎ ተማሪው በዛ፣ ደብሩ አልለቅ አለ፣ ዕድሜም ሄደ። የሐይቁ ዳር ደብር ላይ ሲያስተምሩ ሰባ ስድስት ዓመት ሞላቸው። ዐይናቸውን ሞራ ጋረደው፤ ድምፃቸው ግን ያው ነው። ዕዝል ሲያዜሙ የመስኮቱ መስታወት ሲንቀጠቀጥ በጣቴ ነክቼ አይቻለሁ የሚል ሰው ሞልቷል።

ባለፈው ኅዳር አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ ገና የቤቷን ደፍ ሳያልፉ «ወለቴ፣ ፈቀዱልኝ!» አሏት።

«ምኑን ነው የፈቀዱልዎ፣ አያ?»

«ደሴቱን ነዋ! ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ እገባለሁ። ከገባሁ ወዲያ ላልወጣ ቃል ገብቻለሁ።»

ፊታቸው እንደ ሕፃን ፊት በርቶ ነበር። ወለተ ሚካኤል እልል አለች፣ ጉልበታቸውን ሳመች፣ «እንኳን ለዚህ አበቃዎ» አለች። ቀጥላ ጓዳ ገባችና በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ አለቀሰች። ምን ብላ ትከልክላቸው? ኀምሳ ዘጠኝ ዓመት ያስቀረቻቸው እሷው ናት። ደስም ብሏታል፣ ከልቧ ነው ደስ ያላት። ግን እሷ ደሴቱን አትረግጥ፣ እሳቸው ከደሴቱ አይወጡ፣ ስልክ የሚባል ነገር እዚያ አይያዝ። ያ ድምፅ ከዚያች ቅዳሜ ወዲያ ለጆሮዋ የለም ማለት ነው።

«ቅጃቸዋ!» አለቻት ቃልኪዳን፣ ስልኳን እያወጣች። በሚቀጥለው እሑድ ቀዷቸው። ወለተ ሚካኤል ጆሮዋን አስጠግታ ሰማችና ፊቷን አጨማደደች። ያ የመሬት ያህል ወፍራም ድምፅ ከወገቡ በታች ተቆርጦ፣ ትንኝ በጠርሙስ ውስጥ የምታዜም መስሏል።

«ይኼ አያ አይደሉም» አለችና ስልኩን መለሰችላት።

ነገሩ በዚህ እንዳለ ነው ብሩክ የመጣው። ብሩክ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ የሚያስተምር፣ በትርፍ ጊዜው ሐይቁ ዳር በተከራያት ቤት መዝሙርና ዘፈን የሚቀዳ ጎልማሳ ነው። በእጁ የሎሚ ሣጥን የምታህል ከባድ ብረት ይዟል፤ ፊቱ ፍቅር የያዘው ሰው ፊት ነው።

«እትዬ ወለተ ሚካኤል፣ አንድ የሞተ ትራንስፎርመር አለኝ። ይሠራ…»

ብልጥ ነውና ጥያቄውን መሐል ላይ ዋጠው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። አንድ ከተዘጋ ዘመን የቆጠረ የራዲዮ ማሰራጫ ጣቢያ መጋዘን ሲጸዳ፣ በቫልቭ የሚሠራ የድሮ የድምፅ ሚክሰር ተገኘ። ብሩክ በአይሱዙ አስጭኖ ከጎንደር ይዞት መጣ። ሐሙሲት ላይ ሻይ ሊጠጡ ቢቆሙ፣ አንድ የገበያ ሰው ሸራውን ገልጦ አየና «የወደቀ አውሮፕላን ነው?» ብሎ ጠየቀ አሉ። አይፈረድበትም። ወለተ ሚካኤል ራሷ ልታየው ስትሄድ ያገኘችው እንደ መጻሕፍት ማንበቢያ ዘንበል ያለ፣ ግራጫ ቀለም የተቀባ፣ ለአራት ሰው የሚከብድ የብረት ጠረጴዛ ነበር።

ብሩክ የኋላ ክዳኑን ፈቶ አሳያት። አራት መግቢያ በሮች አሉት፣ ለአራት ማይክ። ከፊት ለፊት እያንዳንዱ በር ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ትልቅ ጥቁር እጀታ አለው። ከላዩ ደግሞ ሁለት ትንንሽ እጀታዎች አሉ፤ አንዱ ወፍራሙን ድምፅ፣ አንዱ ቀጭኑን ይገዛል። ከኋላ እንደ ጠርሙስ ያሉ ቫልቮች በየጎጇቸው ተሰክተው ተሰልፈዋል። የብሩክ አከራይ ያየቻቸው ቀን «አምፖሎቹ ሁሉ ተቃጥለዋል መሰል፣ ብርሃናቸው ደካማ ነው፤ ልቀይርልህ?» ብላው ሊያብድ ነበር። ቫልቭ ቤት ሊያበራ አይደለም ሥራው። በውስጡ ክሩ ይግላል፤ ከማይኩ የመጣችውን የማትሰማ ትንሽ ድምፅ ተቀብሎ ጉልበት ሰጥቶ ይሰዳታል። ከአራቱ በር የወጡት ድምፆች አንድ የመዳብ ዘንግ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ ሁለት ወፋፍራም ቫልቮች አሉ፤ አንዱ ሲገፋ አንዱ ይስባል። በመጨረሻ ሁሉም በአንድ ትራንስፎርመር በኩል ይወጣል። የሞተው እሱ ነበር፤ እርጥበት በልቶት ሽቦው በየቦታው ተበጥሷል።

ወለተ ሚካኤል መነጽሯን አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየች። ሽቦዎቹ በክር ታስረው፣ በቀኝ ማዕዘን እየታጠፉ፣ አንዱ ሌላውን ሳይረግጥ ይሄዳሉ።

«ይህንን ያሰረው ሰው እግዜርን ይፈራ ነበር» አለች። ሙያተኛን ስታደንቅ እንዲህ ነው የምትለው።

«ዋጋውን ይንገሩኝ፣ እትዬ።»

«ዋጋዬ አንድ ነው። ሲሠራ መጀመሪያ የምትቀዳው አያን ነው። ከጥምቀት በኋላ ያለው ሐሙስ፣ እሱ ቀን ካለፈ ሥራውም ዋጋውም የለም።»

ተጨባበጡ። ብሩክ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቃት። የትራንስፎርመሩ ሽቦ ሁለት ግማሽ ነው፤ አንዱ የገፊው ቫልቭ፣ አንዱ የሳቢው። ሁለቱ ዙራቸው እኩል መሆን አለበት። እኩል ከሆኑ ከመብራቱ ጋር ተከትሎ የሚገባው ጉምጉምታ ከዚህም ከዚያም እኩል ይመጣና ይጠፋፋል። ካልተካከሉ ትርፉ ይቀርና ያጉረመርማል።

«እኩል መጠምጠም ለኔ ትነግረኛለህ?» አለችው። ተቆጥታ ነበር።

አሮጌውን ሽቦ እየፈታች ቆጠረችው፤ በየግማሹ ሺህ ስድስት መቶ አርባ ዙር ሆነ። በአርባ አንድ ሲካፈል ልክ አርባ ጭረት። ወለተ ሚካኤል «ፈረንጁም በመቁጠሪያ ነው የቆጠረው!» ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያውን ግማሽ ጠምጥማ ጨረሰች። የዚያን ዕለት ነው፣ ተነሥታ ስትቆም መቁጠሪያው በማሽኑ መዘውር ተይዞ ብጥስ ያለው፤ ፍሬው ወለሉን ሞላው። ቃልኪዳን ተንበርክካ ለቀመች፣ በአዲስ ክር ሰክታ አስረችላት። በማግስቱ ወለተ ሚካኤል ሁለተኛውን ግማሽ ከላይ ጠመጠመች፤ አርባ ጭረት፣ ንቅንቅ የለም። ቫርኒሹን ቀብታ አደረቀች፣ ብሩክ ወስዶ በየደው። ከገና ወዲያ ዘመድ የኔታን ሲሸኝ፣ ስንቅ ሲሰናዳ ነው የከረመው፤ ሳይሞክሩት ሐሙስ ደረሰ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼ ነው።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ የኔታ ከሁለት ያስመረቋቸው ተማሪዎቻቸው ጋር መጡ፤ አንደኛው ከበሮ፣ ሁለተኛው ጸናጽል ይዟል። ወለተ ሚካኤል ወንበራቸውን አመቻቸች፣ ጋቢያቸውን አለባበሰቻቸው። ብሩክ ጠረጴዛውን አብርቶ «ቫልቮቹ እስኪሞቁ ትንሽ እንታገሥ» አላቸው።

«ይሄስ ደብተራ ነው» አሉ የኔታ። «ካልሞቀ አያዜምም። ለመሆኑ ስሙ ማነው?»

«ሚክሰር ነው፣ የኔታ። መደባለቂያ እንደማለት።»

«ምኑን ከምኑ ነው የምትደባልቁት?»

«የርስዎን ድምፅ፣ ከበሮውን፣ ጸናጽሉን…»

«ተደባልቆማ ምን ይተርፈዋል?» አሉ፣ ቅር ብሏቸው። «ወተትና ጠላ ብትደባልቅ ወተቱም የለ፣ ጠላውም የለ።»

ወለተ ሚካኤል ጣልቃ ገባች። «አይደለም፣ አያ። እያንዳንዱ ድምፅ በየበሩ ነው የሚገባው። ከየበሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ማገጃ አለች፤ ዘንጉ ላይ ሲገናኙ አንዱ በሌላው በር ተመልሶ እንዳይገባ ትጠብቃለች። አንድ ሆነው ይወጣሉ፣ ግን ከበሮው ከበሮ ነው፣ እርስዎም እርስዎ ነዎት።»

የኔታ አንገታቸውን ወደ ጠረጴዛው ዘንበል አደረጉ። «ሳይቀላቀሉ፣ ሳይለያዩም?»

«እንዲያ ነው።»

«እንግዲያው ልጄ» አሉ ወደ ብሩክ ድምፅ ዞረው፣ «መደባለቂያ አትበለው። ማዋሐጃ በለው። ቃሉንም አክብረህ ያዘው፣ ትልቅ ቃል ነው።»

ብሩክ በእርሳስ ጽፎ ጠረጴዛው ላይ ለጠፈው፤ አሁንም አለ። የድምፅ መለኪያው መርፌ ተንቀሳቀሰች፤ ቫልቮቹ ጠይም ብርቱካን መሰሉ። ድምፅ ማጉያውን ሲከፍተው ግን ማንም አፉን ሳይከፍት «እምምምም…» የሚል ነገር ቤቱን ሞላው። ወፍጮ ከሩቅ የሚፈጭ ይመስላል። ብሩክ እጀታዎቹን ዝቅ አደረገ፤ አለ። አራቱንም ማይክ ነቀለ፤ አለ። የመብራቱን ገመድ ገለበጠ፣ ቫልቮቹን አለዋወጠ። አለ፣ እዚያው።

«ከመውጫው ነው የሚመጣው» አለ በመጨረሻ። ወደ ወለተ ሚካኤል አላየም፤ ያለማየቱ ነው የገደላት።

«የኔ ሥራ እኩል ነው» አለች።

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«አርባ ጭረት እዚህ፣ አርባ ጭረት እዚያ። በገዛ እጄ!»

«አውቃለሁ።»

ፊቷ ጋለ። አፈረች፤ ከማፈሯ በላይ ፈራች። ዓርብ የደብሩ መሸኛ ነው፣ ቅዳሜ ጀልባው ይነሣል። የሠላሳ አንድ ዓመት ሙያዋ በዕለቷ ከዳት። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚሉት በሷ ደረሰ። የኔታ ወደ ደብሩ ከሚመለሱበት ከዐሥር ሰዓት በፊት ጥፋቱ ካልተገኘ፣ የቀራት የትንኟ ድምፅ ብቻ ነው። መቁጠሪያዋን ከእጇ አውጥታ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አኖረችና እሷም እንደ ብሩክ ከኋላው ገብታ ሽቦ መነካካት ጀመረች።

የኔታ ሲሰለቻቸው መጸለይ ልማዳቸው ነው። በዳበሳ ጠረጴዛው ላይ መቁጠሪያ አገኙ፤ የራሳቸው መስሏቸው አነሡት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ጣታቸው ሄደ። ጥቂት ቆይተው ቀጥ አሉ። እንደገና ጀመሩ። እንደገና ቀጥ አሉ።

«ወለቴ፣ ይቺ መቁጠሪያ የማን ናት?»

«የኔ ናት፣ አያ። የርስዎ ከረጢትዎ ውስጥ ናት» አለች፣ ራሷን ሳታነሣ።

«ጎደሎ ናት።»

«ምን?»

«ጎደሎ ናት እላለሁ! አርባ ላይ መስቀሉ መጣብኝ። ተሳስቼ ነው ብዬ ደገምሁት፤ አሁንም መጣ።»

ወለተ ሚካኤል ብድግ ብላ ከእጃቸው ተቀበለች። መነጽሯን አደረገች፤ በጣቷ እየለየች ቆጠረች። አርባ። ብሩክ ቆጠረ፤ አርባ። ቃልኪዳን ቢሮ ተደወለላት።

«ያን ቀን ስትለቅሚ ሁሉንም አግኝተሽዋል?»

«አንዷ አልጋው ሥር ገብታ አጣኋት፣ እማ። አንድ ፍሬ ምን ታመጣለች ብዬ…»

«ጉድ ፈላ!» አለች ወለተ ሚካኤል። ሂሳቡ በራሱ ሄደ። የመጀመሪያው ግማሽ በሙሉው መቁጠሪያ፣ ሁለተኛው በጎደሎው። አርባ ጭረት፣ በየጭረቱ አንድ። አርባ ዙር ጎድሏል። «ማሽን ይስታል፤ መቁጠሪያ አይስትም» ያለችው ትዝ አላት፤ አፏን በመዳፏ ያዘች።

የኔታ ግን ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲያዩዋቸው እየሣቁ ኖሯል። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ለፈጣሪ አንዳንድ ስታጎድዪ ከረምሽ በይኛ!» አሉ። «እሱስ ታግሦሻል፤ ይህ ብረት ግን አልታገሠም!» እሷም ሳትወድ ሣቀች፤ ተማሪዎቹ ሣቁ፤ ብሩክ ከሣቁ መሐል መፍቻ አነሣ።

ዕድሉ፣ የጎደለው የላይኛው ሽቦ ነበር። ብሩክ ትራንስፎርመሩን ነቀለ፤ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ከሽቦው እምብርት አወጣ። ቃልኪዳን ከቢሮ ፈቃድ ጠይቃ፣ ማሽኗን ባጃጅ ላይ አሳፍራ፣ ፊቷን አቀርቅራ ደረሰች። «ኋላ እንነጋገራለን» አለቻት እናቷ። የጠምጣሚን ቁጣ የሚያውቅ ያውቀዋል። ወለተ ሚካኤል የሽቦውን ጫፍ ፈልጋ አገኘች፣ ቀጠለች፣ በየደች። ጸጉር የሚያህል ሽቦ ነው፤ ሁለቴ ከጣቷ አመለጣት። መቁጠሪያውን ልታነሣ ስትል የኔታ ያዝ አደረጉባት።

«ተዪያት። እኔ እቆጥርልሻለሁ። አንቺ ሽቦሽን እይ።»

እንፍራንዝ ሳሉ ቁጥር ያስተማሯት እሳቸው ነበሩ፣ በግእዝ፣ በጣቶቿ። አሁንም እንደዚያው ጀመሩ።

«አሐዱ።» መዘውሩ ዞረ። «ክልኤቱ። ሠለስቱ። ቀስ! አርባዕቱ።»

ሽቦው ከጣቷ ማምለጡን መቼ እንደተወ አላወቀችውም። «አርብዓ!» ሲሉ አቆመች፤ ቋጠረች፤ ቆረጠች።

ብሩክ ብረቱን መልሶ ሲሰካ፣ የኔታ ከረጢታቸውን አስፈልገው የራሳቸውን መቁጠሪያ አወጡ። ከቀንድ የተሠራች፣ ጥቁር፣ ከመዳበስ ብዛት የተወለወለች ናት። የሽቦ መቁረጫውን ጠየቁ። ማንም ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ሳይገባው ክሩን ቀጭ አደረጉና አንዲት ፍሬ አወጡ።

«ምን ሆነዋል፣ አያ!»

«ያንቺ የሥራ ናት፣ መሙላት አለባት። የሰው ትራንስፎርመር ልታበላሺ ነው?»

«የርስዎስ? ጎደሎ ይዘው ይገባሉ?»

«እኔ ጎደሎዋን አውቃታለሁ» አሉ፣ ክራቸውን መልሰው እየቋጠሩ። «መስቀሉ ጋ ስደርስ አንድ ‹እግዚኦ› በአፌ እጨምራለሁ። እሷ ያንቺ ናት። በየቀኑ፣ ስንት ጊዜ እንደምደግም አንቺው ቁጠሪው።»

ወለተ ሚካኤል ፍሬዋን ተቀብላ መቁጠሪያዋ ላይ፣ ከመስቀሉ በፊት ሰካቻት።

ጠረጴዛው እንደገና በራ። ቫልቮቹ ጋሉ። ብሩክ ድምፅ ማጉያውን ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ እስከ መጨረሻው ከፈተው። ጸጥ። ከውጭ የሐይቁ ወፎች ተሰሙ። ብሩክ «እንደዚህ ነው እንጂ!» ብሎ ጮኸና ወለተ ሚካኤልን ግንባሯን ሳማት፤ እሷም «ዞር በል ወዲያ» አለችው፣ ጥርሷ እየታየ።

«አሁን በሮቹን ልፈትሽ። የኔታ፣ በአንደኛው ይናገሩ፤ እትዬ፣ አራተኛው ባዶ ነውና እርስዎ ቁጭ ይበሉበት።»

«ምን ልበል?» አሉ የኔታ።

«ልማዱ ‹አንድ፣ ሁለት› ማለት ነው፣ ለሙከራ።»

«መቁጠር! ይኼማ ዛሬ የዋልንበት ነው» አሉና ጀመሩ። «አሐዱ።»

ወለተ ሚካኤል ለምን እንዳለች አታውቅም፤ አፏ ብቻ ለመደና «እግዚኦ» አለች በአራተኛው በር።

«ክልኤቱ።» «እግዚኦ።» «ሠለስቱ።» «እግዚኦ።»

ብሩክ እጁን አንሥቶ በቃችሁ ሊል ነበር፤ ተወው። የሁለቱን እጀታ እያስተካከለ ዝም ብሎ ሰማ። መርፌዋ በሳቸው ድምፅ ከፍ፣ በሷ ዝቅ ትላለች። እስከ አርባ አንድ ሄዱ።

ዜማውማ ተቀዳ፣ ግሩም ሆኖ ነው የተቀዳው። ዕዝሉን ሲጀምሩ የብሩክ መስኮት ተንቀጠቀጠ፤ ከበሮው በሩቅ፣ ጸናጽሉ በቅርብ፣ ሁሉም በየቦታው። ቅጂው ዛሬ ደብሩ ትምህርት ቤት ውስጥ ይሰማል፤ ተማሪዎች የየኔታን አካሄድ በሱ ያጠናሉ። ቅዳሜ ጠዋት ጀልባው ሲነሣ የኔታ ቆመው እጃቸውን አወዛወዙ፤ በሞራ ዐይናቸው የትኛዋ ወለቴ እንደሆነች አላዩም፤ ግን ወደ ትክክለኛዋ ነበር። ወለተ ሚካኤል ጀልባው እስኪርቅ እልል አለች። ከልቧ።

ብሩክ «የትኛውን ዜማ ላድርግልዎ፣ እትዬ?» ብሎ ሲጠይቃት «ዜማው የተማሪዎቹ ነው። ለኔ ሙከራውን ስጠኝ» አለችው።

አሁን በረንዳዋ ላይ ፓምፕ ስትጠመጥም ብታገኟት፣ አጠገቧ ትንሽ ድምፅ ማጉያ አለች። ወፍራሙ ድምፅ ሳይቆረጥ ይቆጥራል፤ የሷ ይመልሳል፤ አንድ ላይ ናቸው፣ ግን ሁለት ናቸው። መዘውሩን ከሳቸው ጋር ታዞራለች። ከመስቀሉ በፊት ያለችው ፍሬ ጥቁር ናት፣ ከሌሎቹ ትለሰልሳለች፤ ጣቷ ሳታይ ያውቃታል።

«አርብዓ ወአሐዱ» ይላል ድምፁ። «ይቺ ያንቺ ናት፣ ወለቴ።»

«እግዚኦ» ትላለች፣ ቅጂው ላይም፣ በረንዳው ላይም፤ ከዚያ አንድ ጭረት ትጭራለች።

«እማ፣ ሞላ?» ትላታለች ቃልኪዳን ከውስጥ።

«ሞልቷል» ትላለች።